ወንድሙ እየሰማ

ወደ ጉብታው እንድንወጣ የታዘዝነው ረፋድ ላይ ነበር። የሬዲዮ ቡድኑ አባላት ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን። የመቶ አለቃው አሰልፎ ሙያችንን ጠየቀና መደበን። እኔ አራዳ ገበያ ሞባይል እጠግን ስለነበር ባትሪው፣ አንቴናውና ከጉብታው በታች ከኋላ የሚቀረው ሬዲዮ ተሰጠኝ። ጌታሁን ማክሰኝት ገበያ ኩንታል ተሸካሚ ነበር፤ ከእኔ ጋር ከኋላ ሆኖ ቃሬዛ ያዘ።

«ጤፍ ይሻለኝ ነበር፤ ቁስለኛ ይሳደባል» አለ።

ታናሽ ወንድሙ ደሴ የከብት ደላላ ነው። በሬውን ከሩቅ አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። ጉብታው ላይ ሆኖ እንዲቃኝ ተመደበ። ደሴ የሚያየውን በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ሰው ሲፈለግ፣ የእንፍራንዙ ገበሬ አያ ታረቀኝ ቀረቡ።

«እርስዎስ አያ?» አለ የመቶ አለቃው።

«በአገሬ መርዶ የምነግረው እኔ ነኝ። ድምፄ አይናወጥም።»

«ሸጋ! ሬዲዮው የእርስዎ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጉብታው በአቧራ ተሸፈነ። በሬዲዮው የአያ ታረቀኝ ድምፅ መጣ፤ እንደ ጠዋቱ የረጋ ነበር።

«ደሴ ቆስሏል። ቀስ ብላችሁ ኑ።»

«ክፉኛ ነው?» አልኩ።

«ጌታሁን አጠገብህ አለ?»

«አለ፤ ይሰማል።»

«እንግዲያ ቆስሏል። ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ለቁስለኛ ቀስ አይባልም። ጌታሁንና ጓዱ ሞላ ቃሬዛውን አንስተው ሮጡ። መሀሉ ገላጣ ሜዳ ነው። ሞርታር ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ ሁለቱም አልተነሡም።

«ጌታሁንና ሞላ ተመቱ! ደሴስ?» አልኩ።

«ደሴማ ያኔውኑ ሞቷል። ምነው በጠራራ ፀሐይ ላካችሁት? ወንድሙ እየሰማ ሞተ ልበል እንዴ?»

ሞት በድንገት አይነገርም፤ መጀመሪያ ታመመ ይባላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ መርዶው ንጋት ላይ ይነገራል። እኔም ያደግሁበት ወግ ነው። በሬዲዮ ይመጣብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሲመሽ ሦስቱን አውርደን ጎን ለጎን አስተኛናቸው፤ ደሴ፣ ጌታሁን፣ ሞላ። ከእኛ በኋላ ሬዲዮ የምትይዙ ይህን እወቁ፤ የመቶ አለቃው የምንችለውን ጠይቆ በትክክል መደበን። ምን ማለት እንደማንችል ግን ማንም አልጠየቀም።

ሰንብተን ለወንድማማቾቹ እናት መርዶ ልንነግር ማክሰኝት ሄድን። ገና እየነጋ ነበር፤ ጎረቤት አልተሰበሰበም። አያ ታረቀኝ ቀድመውን በሩን አንኳኩ። እናትየዋ ከፈቱ።

«ደሴም ጌታሁንም ሞተዋል» አሉ፤ ድምፃቸው ተናወጠ።

ከኋላችን የመጡ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ደንግጠው «አያ፣ ምነው እንዲህ ይነገራል?» አሉ።