ጋሽ አያናው ቦክሷን የሰጡ ለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር ደወለልኝ። አዲስ መኪና ሊገዛ ነው፤ አሮጌዋን ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለመስጠት አስቧል። «አባ፣ መሸጡ ይሻላል ወይስ መስጠቱ?» አለኝ። «ነገ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ እንጂ ልቤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደርሶ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከመተማ ተሻግሬ ሁለት መከር ሰሊጥ ካጨድሁ በኋላ የጋሽ አያናው ሹፌር ሆንሁ። ጋሽ አያናው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ይነግዳሉ፣ ፋሽጋ ላይም መሬት ተከራይተው ያርሳሉ። ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አንዲት ነጭ ቦክስ ነበረቻቸው፤ ከኋላዋ ጭነት የምትይዘዋን ትንሽ መኪና ሱዳኖቹ ቦክስ ነው የሚሏት። ነጭ እላለሁ እንጂ እኔ በያዝኋት ጊዜ የዚያን አገር ጥቁር አፈር መልክ ይዛ ነበር። እኔ ግን እወዳት ነበር። ከማጭድ ያወጣችኝ እሷ ናት። ከነጋ እስኪመሽ ሲጎነበስ የዋለ ወገብ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንጀራ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በዚያ ዓመት መከሩ እንደተጀመረ ከጋሽ አያናው ሠራተኞች አንዱን እባብ ነደፈው። እኔና ቦክሷ ከተማ ነበርን። በትራክተር ተጎታች ጭነው ሲያመጡት ሰውዬው መንገድ ላይ አረፈ። ቀብረነው ከተመለስን በኋላ ጋሽ አያናው ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ብዙም አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ገበያው ዳር ፉል በሰሊጥ ዘይት እየበላን ሳለ፣

«ሲሳይ፣ ቦክሷን ከእርሻው አጠገብ ቁረይሻ ላለው ክሊኒክ ልሰጣት ነው። ለሕሙማን ትሁን። ሐሙስ እናደርሳታለን» አሉኝ።

ስለ እኔ የሚሉትን ጠበቅሁ፤ ምንም አልጨመሩም።

ሐሙስ ማለዳ ወጣን። ዝናቡ ቆሟል፤ መንገዱ ግን ከትራክተር ጎማ የተረፈ ቦይና ጉብታ ነበር። ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ ነዶው ቆሞ ይደርቃል፤ በመስኮቱ የሚገባው ሽታ ብቻውን ያጠግባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዘፍን ነበር። ያን ቀን ግን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ አፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይጸድቁባታል። እኔስ ወደ ማጭዴ ልመለስ?»

ወዲያው ደነገጥሁ። በዚያ ዘመን አሳዳሪን እንዲህ አይናገሩትም። ጋሽ አያናው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣

«እውነትህን ነው» አሉ። «የሞተውን ሳስብ አንተን ረሳሁህ። አጥፍቻለሁ።»



ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። የሚያክሙት አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም አም ኢድሪስ ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደ ማለት። ቦክሷን ዞረው አዩና እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ። ሻይ አቀረቡልን። ቀጥለው «ሹፌሩስ?» ብለው በዐረብኛ ጠየቁ።

ጋሽ አያናው፣ «ሹፌሩ የራሱ ሰው ነው። መኪናዬን ሰጠሁ፤ ሰው ግን መስጠት አልችልም» አሏቸው።

ሻዩን ሳንጨርስ ትራክተር መጣ። መኳንንት የሚባል የበለሳ ልጅ፣ ሲያጭድ ባቱን ማጭድ ዘልቆት በደም ተነክሮ ተጎታቹ ላይ ተኝቷል። አም ኢድሪስ አጥብቀው አሰሩለትና «ገዳሪፍ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ!» አሉ። ከእኔ በቀር መኪና መንዳት የሚችል አልነበረም፤ ባለ ትራክተሩም መኪና ይዞ አያውቅም። ጋሽ አያናው አላዘዙኝም፤ ዓይኔን እንኳ አላዩም። ቁልፉን አነሣሁ።

ጋሽ አያናው ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ተቀምጠው የልጁን እግር በጭናቸው ደግፈው ያዙ። ቀስ ስል ደሙ፣ ስፈጥን ጩኸቱ ያስጨንቀኛል። የኋላው መስኮት መስታወት ስላልነበረው ድምፁ ይሰማኛል።

«ወንድሜ፣ እግሬን ይቆርጡኝ ይሆን? እናቴ ከእኔ ሌላ አራሽ የላትም።»

«አይቆርጡህም» አልሁት። በምን አውቄ? ያልሁት ግን ውሸት እንዳይሆን መሪውን እንደ ታቦት ይዤ ነዳሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። እግሩ ተረፈ።

በማግሥቱ «ጋሼ፣ ቦክሷን እኔ እመልሳታለሁ። መከሩ እስኪያልቅ እነዳላቸዋለሁ» አልኋቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። እስከ መከሩ ማብቂያ ያልሁት ሦስት ዓመት ሆነ። ደመወዜና ማሽላዬ ከጋሽ አያናው ቤት አንድም ወር አልተጓደለብኝም። ከተረፋቸው የሰጡ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ገበያ ስሄድ በአህያ ጋሪ ሲሄዱ አየኋቸው። ሌላ መኪና አልገዙም ነበር። የገበያው ነጋዴ «አያናው ከሰረ» እያለ ያማቸው ነበር፤ እሳቸው ጋሪው ላይ ሆነው ሰላምታ ይሰጡታል።

መኳንንት በዓመቱ ትንሽ እያነከሰ መጣ። እናቱ በቅል ማር ልካልኝ ነበር። ማሩን ይዤ ጋሽ አያናው ዘንድ ሄድሁና «የእርስዎ ነው» አልኋቸው። «ላንተ የተላከ ነው» አሉኝ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ ተቀምጠን በኪስራ፣ በሱዳኖቹ ስስ የማሽላ እንጀራ፣ አብረን በላነው።

አሁን እሳቸውም የሉም። ገዳሪፍም የሱዳኑ ጦርነት ካፈናቀለው ሰው ብዛት ሌላ ከተማ ሆኗል ይላሉ።

ለልጄ ደወልሁለት። «ስጥ» አልሁት። «ግን መጀመሪያ ጠይቅ፤ ማን ይነዳታል? የሚነዳትስ ምን ይበላል?» «እስኪ እጠይቃለሁ» አለኝ።

ስንሰጥ ዓይናችን ተቀባዩ ላይ ነው፤ መካከል ላይ የቆመው ሰው ይረሳናል። ጋሽ አያናውም ረስተውኝ ነበር። በዕድሜዬ የሚሰጡ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ሲመጸውት የረሳው ሹፌር በቁጣ ሲናገረው «አጥፍቻለሁ» ያለ ጌታ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።