ስድስት ይጨምሩለት

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። የቀን ተረኛው ነርስ በሩን ተደግፏል፤ ከዲጃ ከምርመራ አልጋው እግርጌ፣ እኔ ደግሞ ከመድኃኒት መደርደሪያው አጠገብ። የክፍሉ ስልክ በዶክተሩ እጅ ነበር። ከአራታችን እውነቱን የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ ከዲጃና እኔ። በዚያ ቀን ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ ስለ ሻርሁት ጾም ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኋቸውም።

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚሁ አሰላ በአንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ በነርስነት እሠራ ነበር። ከዲጃ የዲክሲስ ልጅ ናት፤ በኮንትራት የተቀጠረች፣ ደመወዟን ለታናናሾቿ የምትልክ ወጣት ነርስ። ሰው ፊት ሲስተር ትለኛለች። ለብቻችን ስንሆን ግን አዮ ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። እኔ ልጅ አልወለድሁም። ይህን ያነሳሁት እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ ምን እንደ ጣልሁ እንዲታወቅ ነው።

የበሽተኛ ካርድ ቀርቶ ሁሉም ነገር በክፍሉ የጋራ ስልክ፣ በአፕሊኬሽን ይሞላ ሲባል እኔን ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነበር። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያበላሁትን ቁርስ 2 ብዬ ስጽፍ ከዲጃ ትስቅብኛለች።

“አዮ፣ ይሄ ስልክ ፈረንጅ ነው፤ ከፀሐይ ጋር አይነሳም። ስድስት ይጨምሩለት! አለዚያ ሌሊት በስምንት ሰዓት ሰው ቀስቅሰው ገንፎ አበሉ ይባላሉ።”

“ገንፎው ካልቀዘቀዘ ምን ቸገረው” እላታለሁ።

ሻይ ስቀዳላት እንኳ ስኳሩን እያየች “ስድስት ይጨምሩለት” ትል ነበር።

በዚያ ሌሊት ሁለታችንም ተረኞች ነበርን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከዲጃ በሌላው ክፍል ቁስል ስታጥብ፣ ከሁሩታ የመጡ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌን ኢንሱሊናቸውን ወጋኋቸው። ስልኩ በከዲጃ ስም ተከፍቶ ነበር። በራሴ ስም መግባት ነበረብኝ። ነገር ግን የይለፍ ቃሌን ረስቼዋለሁ፤ ደግሜ ለመጠየቅም አፍሬ ነበር። በእሷ ስም ሞላሁ። ሰዓቱን 1 አልሁ። ስድስት አልጨመርሁም።

ስልኩ ሽማግሌው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንደ ተወጉ ቆጠረው፤ የጠዋቱ መርፌ እንዳልተሰጠ ሆኖ ቀይ እንደ በራ ቀረ። በወረቀቱ ዘመን አልጋ በአልጋ እየዞርን በቃል ነበር የምንረካከበው። ያን ጠዋት ግን ይዘንባል፣ ባጃጁም ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። የቀን ተረኛው ሲገባ “ሁሉም ስልኩ ላይ አለ” ብዬው ወጣሁ። እሱም ቀዩን አየና ደግሞ ወጋቸው።

ሽማግሌው አላባቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ሲጠሯቸውም መመለስ አቃታቸው። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ተሰጥቷቸው ነቁ። ተርፈዋል። መትረፋቸውን ግን መሸሸጊያ ላደርገው አልፈልግም።

በማግሥቱ ተጠራን።

“ሌሊት በሰባት ሰዓት ኢንሱሊን ምን የሚሉት ነው?” አለ ዶክተሩ። “የሞላችው ከዲጃ ናት ይላል።”

ከዲጃ ስልኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። 1 ቁጥሯን እንዳየች ገብቷታል፤ በዚያ ክሊኒክ ስድስት መጨመር የሚረሳ ከእኔ በቀር ማን ነበር?

“ሲስተር፣ አብረው ነው ያደሩት። የሚያውቁት ነገር አለ?” ሲል ጠየቀኝ ዶክተሩ።

“የለም” አልሁ።

የለም ያልሁት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ምን ፈርቼ ነበር? ብባረር ጡረታዬን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር እንጂ አልራብም። የፈራሁት “አሮጊቷ ስልክ መንካት አቃታት” መባልን ነው። ይህ እንዳይባል ብዬ የዚያችን ልጅ እንጀራ ቆረጥሁ። መርፌውን የወጋሁ እኔ፣ ሰዓቱን የሳትሁ እኔ፣ የለም ያልሁም እኔ።

“ስሜ ነው” አለች ከዲጃ። አድርጌዋለሁ አላለችም፤ አላደረግሁም አላለችም።

“እንግዲያው ኮንትራትሽ እዚህ ላይ ይብቃ” አላት።

አሁን ሥራ ትቻለሁ። ግን ጠዋት ሰዓት ባየሁ ቁጥር ስድስት እጨምራለሁ፤ ለማን እንደምጨምር አላውቅም። ከዲጃ ሮቤ አካባቢ ትሠራለች ሲሉ ሰምቼ አንድ ቀን መናኸሪያ ሄድሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥም ተቀመጥሁ። ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ወረድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ አልነበረም አካሄዴ። አዮ ስትለኝ ልሰማ ነበር። እንዲህ የበደለ ሰው ይህን መመኘት ይገባዋል? አይገባውም። እኔ ግን እመኛለሁ።

ከዲጃ በተባረረችበት ቀን ዶክተሩና ተረኛው ቀድመው ወጡ። በሩ ክፍት ነበር፤ የዶክተሩ ኮቴ ከኮሪደሩ ይሰማኛል። ብጠራው ይመለስ ነበር። አልጠራሁትም። ከዲጃ ጋወኗን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው። ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥታ ስሟን ዘጋችና በእጄ አስያዘችኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

“ደህና ይሁኑ፣ ሲስተር” አለችኝና ሄደች።