የራስ ዲካዋ የፊዚክስ መምህርት

ዘቢባ ከሚሴ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ስምንተኛ ክፍልን ፊዚክስ አስተምራለች። በመምህርነት መኖር ሲያቅታት በባቡር ድንበር ተሻግራ ናጋድ ጣቢያ ወረደችና ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ማዳም ዓዚዛ ቤት በሠራተኛነት ተቀጠረች። ማዳም ዓዚዛ ክፉ ሴት አልነበረችም። በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ስታሳያት ግድግዳው ላይ ካለው ብሬከር ፊት አቆመቻትና፣ ኤሌክትሪክ የሚባል ሰው የሚገድል ነገር እንዳለ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳቻት። ዘቢባም ስለ ምክሩ አመሰገነች።

የቤቱ ልጅ ሂንድ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የሳይንስ ፈተናዋ ሲቃረብ እናቷ አኒስ የሚባል አስጠኚ ቀጠረችላት። አኒስ የተተኮሰ ሸሚዝና ያማረ ፈረንሳይኛ ነበረው። ሳሎን ተቀምጦ ባትሪና አምፑል ይስላል፣ ቀስት ይጨምርበታል፤ ሂንድ ቃላቱን ትሸመድዳለች። አንድ ቀን ሁለት አምፑሎች በአንድ ሽቦ ተከታትለው ቢገናኙ የትኛው ይበልጥ ይበራል የሚል ጥያቄ ገጠማቸው። ሂንድ የመጀመሪያው ነው አለች፤ ከረንቱን ቀድሞ የሚበላው እሱ ስለሆነ። አኒስ ጥቂት አሰበና ተስማማ።

ዘቢባ እዚያው ወለል ትወለውል ነበር። ሰምታ መወልወሏን ቀጠለች። አኒስ ሲወጣ ግን አላስቻላትም። ከሁለት አሮጌ የእጅ ባትሪዎች አንድ ዓይነት አምፑሎች ፈትታ፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኘቻቸው። ሁለቱም እኩል ደብዘዝ ብለው በሩ። ሂንድ ቦታቸውን ብታለዋውጥም ያው ሆነ። አንዱን ስታላላው ሁለቱም ጠፉ።

ዘቢባ ከሶፋው ላይ የማዳምን ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ አነሣችና በገበያ ዓረብኛዋ ክሩን እንድትጎትት ነገረቻት። ፍሬዎቹ ሁሉ ባንድነት ዞሩ።

«የትም ቦታ ቆመሽ ብትቆጥሪ በደቂቃ የሚያልፈው ፍሬ እኩል ነው» አለቻት። «ከረንትም እንደዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ አይበላም።»

«ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?»

ዘቢባ ክሩን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አድርጋ ያዘችው። ሂንድ በኃይል ብትጎትትም ፍሬዎቹ የሚያልፉት በዝግታ ሆነ፤ የዘቢባም ጣት በሰበቃው ሞቀ።

«የኔ ጣት አምፑሉ ነው። ባትሪው ያንቺ ክንድ ነው። ፍሬው አንድም አልጎደለም፤ የደከመው ክንድሽ ነው።»

ሂንድ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ማዳም ዓዚዛ አኒስን ምሳ ጋበዘች፤ ለእኅቶቿም ስለ ፈረንሳይ ማስተማሪያ ዘዴ ብዙ አወራች። ሩዙን ያቀረበችው ዘቢባ ናት። ሂንድ «ያስረዳችኝ እሷ ናት» ስትል እናቷ ሳቀችና የልጇን ደግነት ለእንግዶቹ አሞገሰች። የዚያኑ ቀን ሦስቱም እኅቶች አኒስን ለልጆቻቸው ቀጠሩት።

በሳምንቱ አኒስ ሳሎኑን ትቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሂንድ ሁሉን ነግራዋለች። የቤት መብራቶች አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹ ለምን እንደማይጠፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ዘቢባ ነጭ ሽንኩርት እንዲልጥ ሰጠችውና፣ እያንዳንዱ መብራት የራሱ መንገድ እንዳለው እያስረዳች ሥራዋን ቀጠለች። እሷም በተራዋ የፈረንሳይኛ ቃላቱን ጠየቀችው።

ዛሬ በአራት ቤት ያሉ ልጆች ከረንት መንገድ ላይ እንደማይበላ ያውቃሉ፤ በሦስቱ ቤት ዘቢባን ያያት የለም። አኒስ በዓረብኛ «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ እያለ ይጠራታል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ብቻ።