በባለርስቱ ግቢ ያወራሁት የኔቫዳ ወሬ

ከአብዮቱ በፊት፣ አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የእርሻ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የከብት እርባታ ተማር ተብዬ ለስድስት ወር አሜሪካ ተላክሁ። እንዴት አንተ ተመረጥክ ብትሉኝ፣ ከኔ የሚሻሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሠርግ ደርሶበት፣ አንዱ ታሞ ቀሩ። አሜሪካ ሲባል ሰው የሚያስበው ፎቅ ነው። እኔ የወረድኩት ኔቫዳ የሚባል አገር ነው። እዚያ ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር ቢኖር ተራራ ብቻ ነው።

ኔቫዳ እንዲህ ናት፦ ተራራ አለ፣ ከሱ ወዲያ ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ሌላ ተራራ። ሁሉም ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ተኛ በሬ ተጋድመዋል። ጫፋቸው ላይ በረዶ አለ፣ ከሥራቸው ያለው ሜዳ ግን ውኃ ጥም የገደለው ነው። ዛፍ የለም፤ ግራጫ ቁጥቋጦ ነው፣ ሲጨፈለቅ አሪቲ አሪቲ የሚሸት። ወንዞቹ ባሕር አይደርሱም። ትንሽ ይሄዱና አሸዋ ውስጥ ይጠፋሉ፣ የሚተዉት ነጭ ጨው ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሾፌሩ እንቅልፍ ቢወስደው የሚገጨው ነገር አያገኝም። ከተማ ሲገኝ ደግሞ ቁማር ቤት ነው። ገና በጠዋቱ የኔን እናት የሚያካክሉ አሮጊቶች ከቁማር ማሽን ጋር ሲታገሉ አይቻለሁ። እኔም አንድ ቀን ታገልኩ። ማሽኑ አሸነፈ።

የተመደብኩት አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ ዘንድ ነበር። ከብቱ ብዙ ነው፣ መሬቱ ደግሞ ከአሰላ ተነስተህ ሁሩታ ብትደርስ አያልቅም። እዚያ ሁሉ ላይ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ውሻና አንድ አሮጌ መኪና አለው። ጎረቤቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ይነዳል። አንድ ቀን አጥር ስንጠግን ጠየቀኝ።

«አገርህ ይዘንባል?»

«ይዘንባል። አንዳንዴ በቃህ እስኪባል።»

«ገብስ ይበቅላል?»

«ገብሱም ስንዴውም ይበቅላል።»

መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። «እዚህ ብቻዬን የምኖረው ጎበዝ ስለሆንኩ መሰለህ? መሬቱ ሁለት ሰው አይችልም፤ አንዲት ላም ጠግባ እንድታድር ስንት ተራራ እንደምትዞር አይተሃል። ታዲያ አንተ ከኔ ምን ልትማር መጣህ?»

ሚስማር አቀበልኩት።

አሰላ ተመለስኩ። ለአሜሪካ የተገዛችውን ኮት በጠራራ ፀሐይ ለብሼ በጋሪ ስዞር ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከገጠር መጣ። እሱ ከአሰላ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ባለርስት ጭሰኛ ነው። አባቱም እዚያው ሲያርስ ነው የሞተው። ሳመኝና እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ስማኝ ልጄ። እሁድ ባለርስቱ ምሳ ሊጠራህ ነው፤ ወሬ ሊሰማ። ሰውዬው ትራክተር አምሮታል። ትራክተሩ ከመጣ እኛን ያስነሳናል። አንተ የማሽኑን አገር አይተሃል። እስቲ ልቡን የሚያቀዘቅዝ ነገር ንገረው።»

«አንተ አታስብ፤ እኔ ልክ አገባዋለሁ» አልኩት። ኮቷ ናት ያናገረችኝ።

እሁድ ሄድን። ባለርስቱ ከከተማው ትልልቅ ሰዎች ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጭሰኞቹ አጥሩ ሥር ሣር ላይ ናቸው። ለኛ ለእስላሞቹ በግ ለብቻው ቀርቧል፤ አጎቴ ራሱ በቢስሚላህ ያረደው ነው። እኔ ለክብሬ ወንበር ተሰጠኝ፣ በረንዳው ላይ፣ ባለርስቱ ጎን።

በኛ በአርሲ ከሩቅ የመጣ ሰው ወሬ ይጠየቃል። ሲያወራም አይቋረጥም። ሰሚው «እህ» እያለ ይከተለዋል፤ «ቆይ፣ ይሄን ተወው» ማለት ነውር ነው። ተናጋሪውም የጀመረውን መጨረስ አለበት። እኔ ይሄን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ጀመርኩ። ስለ አሮጊቶቹና ስለ ማሽኑ ሳወራ ባለርስቱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የሱ መሳቅ እንደ ጠጅ ራሴ ላይ ወጣ። ከብት አርቢው ላይ ስደርስማ ቆሜ አሳየሁ፤ እንዴት እንደሚነዳ፣ ውሻው እንዴት መስኮቱ ላይ እንደሚቀመጥ።

«ያን ሁሉ መሬት፣ ጌታዬ፣ አንድ ሰው! ውሻውን ከቆጠሩት አንድ ተኩል!»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ከአጥሩ ሥር ግን ሳል ሰማሁ። አጎቴ ነው። «እህ» ማለት ትቶ ይስላል። ሊያቋርጠኝ አይችልም፤ ያለው ጉሮሮው ብቻ ነው። ዞር ብዬ አየሁት። አሁን የመሬቱን ደረቅነት እነግራቸዋለሁ፣ አንድ ሳቅ ብቻ ልጨምርና፣ አልኩ በሆዴ።

ባለርስቱ ግን አልሳቀም ነበር። «አንድ ሰው ብቻ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንድ ብቻ!»

ወደ አጥሩ ዞረ። «ሰማችሁ አይደል? የእናንተው ልጅ ነው የሚያወራው።» ከዚያ ተነሳ፣ እንግዶቹም ተነሱ፣ ምሳው አለቀ። ወሬዬ እዚያው ላይ ተቆረጠች። አጎቴ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰው እንዴት እንደሳቀልኝ እየነገርኩት ነበር።

አዝመራው ተሰብስቦ እንዳበቃ፣ ሁለት ቀይ ትራክተሮች መጡ። ጭሰኛ ሁሉ ልቀቅ ተባለ። ያን ቀን ኮቴን ሳልለብስ ወደ ባለርስቱ ቤት ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን ሳልጨርስ ነው የተነሱት። ያ መሬት ደረቅ ነው፤ ሰው የሌለው ውኃ ስለሌለው ነው። ሰውየው ራሱ ነግሮኛል። የርስዎ መሬት እኮ ስንት ቤተሰብ ያኖራል።»

ጥርሱን እየጎረጎረ ሰማኝ። አላቋረጠኝም፤ እሱም ልማዱን ያውቃል።

«ባንተ ወሬ ትራክተር የገዛሁ መስሎሃል?» አለኝ ስጨርስ። «ያዘዝኩት ገና አንተ አሜሪካ ሳለህ ነው። ግን ለነዚህ ሰዎች እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር። አንተ ነገርክልኝ፤ ውለታህን አልረሳም።» ከዚያ ምሳ ብላ ብሎ ለመነኝ።

ሰው ጥፋተኛ አይደለህም ሲባል ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ስወጣ ምነው ባጠፋሁ ብዬ ተመኘሁ። ባጠፋ ኖሮ ቢያንስ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ለካ እኔ የሰውየው ደወል ነኝ።

አጎቴ የሚለቅበት ቀን ለማገዝ ሄድኩ። ጓዙ ወደ ቆላ ነው የሚሄደው፣ ልጁ ያገባችበት አገር። ቤቱን አፍርሶ የጥድ እንጨቱን ሊወስድ ነበር፤ ጥዱ የመሬቱ ነው ተባለና በሩን ብቻ ነቀለ። ትራክተሩ በላይ በኩል ጀምሯል። ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይቀርባል። ጎረቤቶቹ በየፊናቸው ይጭናሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሰላምታም አጥብቀው ሰጡኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ። እንዲያው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አጎቴ የአህያዋን ጭነት እያጠበቀ፣ «ያ የአሜሪካው ሰውዬ ግን» አለኝ ሳያየኝ፣ «ብቻውን ሲሞት ማን ይቀብረዋል?»

አላውቅም አልኩት። አልጠየቅኩትም ነበር። እንደ ልማዴ ቀልድ ወረወርኩ፤ ስለ አህያዋና ስለ አሜሪካ መኪና የሆነ ነገር፣ አሁን በውል አላስታውሰውም። ጥሩ ቀልድ ነበር መሰለኝ።

የአጎቴ ሚስት አሳድጋኛለች ማለት ይቻላል። በቀልዴ ስትስቅ ነው ያደግኩት። ያንለት ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ዛሬ ዝም ብለህ ተሸከም።»

በሩን ጀርባዬ ላይ ጫኑልኝ። ዝም ብዬ ተሸከምኩ።