«ምንም የለበትም» ያልኩበት ዶሮ ቤት

የወፍ ጉንፋን ስዊድን የገባበት ዓመት ነው። ሥራዬ በከብትና በዶሮ ማርቢያ ቤቶች ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ በማጣሪያ ይዞ ምን ተሸክሞ እንደሚዞር መመርመር ነበር። ተማሪ ሆኜ መጥቼ ስቶክሆልም ውስጥ ያረጀሁበት ሙያ ነው፤ አልኮራበትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያን ቀን ሳስታውስ ግን ብቻዬን ብሆን እንኳ ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ የእንቁላል እርሻ ነው። በአጠገቡ የሚኖሩ ሰዎች ከማራገቢያው የሚወጣው አቧራ በሽታ ያመጣብናል ብለው ለኮሙኑ፣ ለአካባቢው አስተዳደር፣ አቤት ብለዋል። የተላክነው እንግዲህ ለጎረቤቶቹ ነው። ውስጥ ስለሚሠሩት ሰዎች የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ሊቅ ነኝ ባዩ አልጠየቅሁም። ከአንዲት ስዊድናዊት ባልደረባዬ ጋር ነጭ ቱታ ለብሰን፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል አጥልቀን ገባን። ቤቱ በላባና በኩስ ብናኝ ከመታፈኑ የተነሣ የወዲያኛው ግድግዳ አይታይም።

ኩስ ሲዝቅ የነበረ ሰው ቀና አለ። አፍንጫውን የሸፈነው የአንገት ልብሱ ብቻ ነው። ስቶክሆልም ዳር ቴንስታ የሚኖር የአገሬ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ከፊቴ የሚቀመጥ ወንድም ነበር። በጭንብሉ መስታወት አሻግሮ አወቀኝ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» ብሎ አካፋውን ጥሎ በትከሻው ሰላም ሊለኝ መጣ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። አቧራውን ብቻ ፈርቼ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር! ባልደረባዬ እያየች ከኩስ ዛቂ ጋር መተቃቀፍ አሳፍሮኝ ነው።

እሱም ገባው መሰለኝ፣ ባለበት ቆመ። «ጋሼ፣ እንዲህ የታሸጉት ምን ቢኖር ነው? አየሩ ክፉ ነው እንዴ? እስካሁን ቪካሪ፣ የሰው ምትክ፣ ነበርኩ፤ አሁን ቋሚ ሊያደርጉኝ ነው። ባለቤቴንም እንቀጥራለን ብለውኛል። እውነቱን ይንገሩኝ።»

እውነቱን አውቀው ነበር። ዶሮዎቹ ቢታመሙ ቫይረሱን ከማንም ቀድሞ የሚተነፍሰው እሱ ነው። ባይታመሙም ያ አቧራ ለሳንባ አይበጅም። መኪናችን ውስጥ ደግሞ አንድ ካርቶን ጭንብል ነበረን። ግን የእርሻው ባለቤት በሩ ላይ ቆሟል፤ ባልደረባዬም ዓይኗን ከእኛ አልነቀለችም። ቶሎ እንዲተወኝ ፈለግሁ።

«ምንም የለበትም፤ የመሥሪያ ቤት ደንብ ሆኖብን ነው» አልኩት።

ባልደረባዬ ታውቀዋለህ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ በስዊድንኛ «አላውቀውም» አልኳት። ጴጥሮስ አንድ ዶሮ ሲጮህበት ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ያ ሁሉ ዶሮ እየጮኸ መሣሪያዬን አነብ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እሁድ በምስክርነት ሰዓት ያ ወንድም ተነሣ። ለሚስቱ ሥራ ሲጸልዩ እንደከረሙ፣ አየሩ ይጎዳት ይሆን ብለው እንደፈሩ፣ ጌታ ግን ጋሼን እዚያው ዶሮ ቤት ድረስ ልኮ ፍርሃታቸውን እንዳራቀላቸው ተናገረ። ጉባኤው አሜን አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ የከፋ አሜን በዕድሜዬ ከአፌ አልወጣም።

ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ካርቶን ጭንብል ተሸክሜ በሰማያዊው መስመር ባቡር ቴንስታ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ጎንበስ ብላ ስትስመኝ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ።

እንደተቀመጥን «ይህ ለሥራ ቦታ ነው። ሁለታችሁም ሳታጠልቁ እንዳትገቡ» አልኩ።

ተያይተው ሳቁ። «ኧረ ጋሼ፣ የእርሻው ባለቤት እኮ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ገዝቶ ሰጥቶን ነበር» አለ ባልየው። «ያፍነናል፤ ደግሞም አዋቂያችን ምንም የለበትም ብለውናል ብለን መለስንለት።»

አንገቴን ደፋሁ። «ዋሽቼህ ነው» አልኩት። «ያን ቀን በአንተ አፍሬ ነው የዋሸሁህ።»

ሚስቱ ፊቷን አዙራ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ስትስል ቆየችና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ተዉ እንጂ ጋሼ! ለእኛ አስበው በራስዎ ላይ እንዲህ አይናገሩ። እርስዎማ አይዋሹም» አለችኝ።

ካርቶኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ሳትከፍተው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።