በአባቴ ካርታ ወደ ሱባ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፒያሳ የተነሣሁት ለመዝናናት አልነበረም። አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። "ጉልበቴ ሳይከዳኝ የሱባን ፏፏቴ አንዴ ደግሜ ልየው" ካለ ወር ሆነው። ሐኪሙ መራመድ ይችላል፣ ግን ዳገት አይብዛበት ብሏል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ መንገዱን ላየው፣ የሚቻል ከሆነ በሳምንቱ ልወስደው ተስማማን። ኢንተርኔት ላይ "መካከለኛ የእግር ጉዞ" ይላል። ለማን ነው መካከለኛ? ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ወይስ አርባ ዓመት ሙሉ ቆሞ ፀጉር ሲያስተካክል ለኖረ ሰው? የሚነግረኝ አጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት አባቴ ከቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ ወረቀት ገንጥሎ ካርታ ሣለልኝ።

"ከመግቢያው ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ የብረት ድልድይ ታገኛለሽ። ተሻግረሽ በስተግራ ዋሻ አለ። ከዋሻው ቁልቁል ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ፏፏቴው ሁለት ሆኖ ነው የሚወርደው።"

"እርግጠኛ ነህ አባዬ?"

"አንቺ ልጅ! ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ!"

ልቤ ግን አላረፈም። ከፋሲካ ወዲህ ነገር እየጠፋበት ነው። ባለፈው ሳምንት እኔን በሟች አክስቴ ስም ጠራኝ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሱ መርሳት ከጀመረ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ከምኒልክ አደባባይ እስከ መናገሻ

ታክሲ ስጠብቅ አንዱን ወያላ "ሱባ ጫካ በየት ነው?" አልኩት።

"በሰበታ።"

አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ጣልቃ ገቡ። "ኧረ በመናገሻ ነው! ማነው በሰበታ ያለሽ?"

"በሁለቱም ይኬዳል፣ ግን ሁለቱም ሩቅ ነው" አለ ጋዜጣ የያዘ ሰውዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሦስቱም ሄደው ያውቁ እንደሆን ጠየቅኩ። አንዳቸውም አልሄዱም። "አላውቅም" የሚባል ነገር ከአራዳ ጠፍቷል እንዴ? በመጨረሻ ድምፃቸው ስለበረታ ብቻ የእናትየዋን ምክር ተከትዬ የአስኮ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ከአስኮ በሆለታ መኪና ሄጄ መናገሻ ከተማ ወረድኩ። ሙዝና ሁለት ዳቦ ገዛሁ። ባለባጃጁ ሦስት መቶ ብር አለኝ፣ በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማማን። "ቅርብ ነች" አለ። አቧራው ልክ የለውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቀበቱ ሥር አቁሞ "ከዚህ በኋላ በእግር ነው፣ ቅርብ ነች" አለኝ። ቅርብ የተባለችው አንድ ሰዓት አስኬደችኝ። በየመታጠፊያው ካርታውን አወጣለሁ፣ አገላብጬ አየዋለሁ፣ መልሼ እከታለሁ።

ጫካው ውስጥ

ስገባ ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ትልልቅ ጽዶች፣ ቅርንጫፋቸው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። መግቢያው ላይ ያገኘኋቸው ጠባቂ ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ። ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ ዱላ ይዘዋል። ካርታውን ሰጠኋቸው። ወደ ላይ አዩት፣ ወደ ታች አዩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"የብረት ድልድይ ነው ጋሼ።"

"እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ብረት የማውቀው የበሩን ቁልፍ ነው።"

"ዋሻውስ?"

"በዚህ መንገድ ዋሻ የለም ልጄ። ማን ሣለልሽ?"

"አባቴ። ብዙ ጊዜ መጥቷል።"

"ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሰባ።"

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው መለሱልኝ። "አይዞሽ። እርጅና ያቀላቅላል።"

እሳቸው እየመሩኝ በሸለቆው ወረድን። ሥር የበዛበት፣ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ነው። እዚህ አባቴ ያርፋል፣ እዚህ እጁን እይዘዋለሁ እያልኩ አሰላለሁ። ደግሞ ወዲያው፣ የት እንደነበር የማያስታውስ ሰው ጫካ ውስጥ ይዤ ልገባ ነው? እላለሁ። ወዲያና ወዲህ ስል እግሬን ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ።

ፏፏቴው ደረስን። ከጥቁር ቋጥኝ ላይ ይወርዳል፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ግን ደረት ውስጥ ይገባል። አንድ ነው። በሁለት በኩል ዞሬ አየሁት፣ አንድ ነው። በጣም ያምራል፣ እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ቶሎሳ ከገዛሁት ሙዝ አንዱን ላጥ አድርገው ሰጡኝ።

ስንመለስ በሌላ መንገድ ወሰዱኝ። ረዘም ይላል፣ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ባጃጁ ያወረደኝንም አቀበት ይዞረዋል። "ሽማግሌ በዚህ ነው የሚሄደው" አሉ። መንገዱ ተገኘ፤ የቀረኝ ጭንቀት የአባቴ መርሳት ነው።

ቤት

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመርኩት።

"አባዬ፣ ድልድይ የለም። ዋሻ የለም። ፏፏቴውም አንድ ነው።"

"አንድ ነው?" አለ።

"ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።" እንባዬ መጣ።

ደነገጠ። "ኧረ አታልቅሺ! ጭንቅላቴ ደህና ነው።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መሬት መሬት ያያል። "ሄጄ አላውቅም" አለ።

"ምን?"

"ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ነበር የሚሄዱት። እኔ ደግሞ ገበያዬ እሁድ ነው፣ ፀጉር ቤቱን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሰኞ መጥተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ያወሩልኛል። አንዱ ድልድይ ይላል፣ አንዱ ዋሻ ይላል፤ የየት እንደሆነ ማን ጠየቀ? እናትሽን ሳጫት የሄድኩ አስመስዬ አወራኋት። ከዚያ ላንቺ። ሲቆይ ያየሁት መሰለኝ።"

ተናደድኩ። ቀኑን ሙሉ በሌለ ድልድይ ስንገላታ ዋልኩ! ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፣ ደግሞ አሳዘነኝ። የአክስቴን ስም የጠራው ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፣ እሱን ሐኪሙ ያየዋል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መንገድ ከመጠየቄ በፊት ሄዶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አባቴንም ጭምር።

እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ነበር። ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆኗል።

"እስቲ ንገሪኝ፣ ውኃው ሲወርድ ምን ይመስላል?"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"አልነግርህም አባዬ" አልኩት። "ቅዳሜ ራስህ ታየዋለህ።"