ለክርስትናው የተሰፋው ነጭ ቀሚስ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመጨረሻ ልጄ ስለ ትምህርቷ አጫወተችኝ። የምታጠናው ከካርቦን ስለሚሠሩ፣ ኤሌክትሪክን በልክ ስለሚያሳልፉ ነገሮች ነው። ስልኳን አብርታ አሳየችኝ።

"ይሄ ብርሃን ከእነሱ ነው የሚወጣው፣ እማዬ። ሞለኪውሉ ላይ ትንሽ ነገር ስንጨምር ወይም ስንቀንስ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች አኳኋናቸው ይለወጣል። ቀለሙም አብሮ ይለወጣል።"

"እንደ እርድ ነዋ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "የእርድን ነገር ማን ነገረሽ?"

ነገርኳት።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ከመንዝ መጥተን ሰበታ ከገባን ብዙም አልቆየንም። ሰው ሰላም ይለናል እንጂ የእኔ የሚለን አልነበረም። ኅዳር ላይ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ ቅመም ነጋዴዋ፣ እናቴን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና እንድታነሳ ጠየቋት። እናቴ ደስታዋን ለማንም አልተናገረችም፤ ነጭ ቀሚስ ብቻ አሰፋች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ርዝመቱን ልታይ ለበሰችው። እንደ ለበሰች የድንች አልጫውን ልታማስል ጎንበስ ስትል መረቁ ተፈናጥሮ ከወገቧ በታች አረፈባት። አውልቃ በሳሙና አሸችው። ቢጫው ቀላ። ደንግጣ ሳሙና ጨመረች፤ ይብሱን ደም መሰለ።

በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ ሁሉም ያውቃል። ያ ቀለም፣ ያውም እዚያ ቦታ ላይ ሲታይ፣ ሰው ምን እንደሚያስብ መናገር አያስፈልግም። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ሌላ ቀሚስም አልነበራት።

አዴ ጫልቱ ከአጥሩ በላይ አዩን። "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ አዴ" አለች እናቴ፣ ቀሚሱን ዘርግታ እያሳየቻቸው።

አዴ ጫልቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "እርድ እኮ ሳሙና አይወድም። እኔ ስወቅጥ ውዬ እጄን በሳሙና ስታጠብ በግ ያረድኩ ነው የምመስለው።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ሎሚ ነዋ፣ ቀዩን ይመልሰዋል። ቢጫውን ደግሞ ለፀሐይ ስጪው።"

ሎሚው ሲነካው ቀዩ ዓይናችን እያየ ወደ ቢጫ ተመለሰ። እናቴ አማተበች። አለቅልቀን አጥር ላይ ዘረጋነው። እስኪመሽ ውሃ እየረጨሁ ሳገላብጠው ዋልኩ። ቀና ስል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከማሳው የታጨደ ጤፍ ሽታ ይመጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቢጫው የሚታየው አተኩሮ ለሚፈልገው ሰው ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። አዴ ጫልቱ ጠጋ ብለው "በጉን የት ጣልሽው?" አሏት በጆሮዋ። ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ተባልን፤ ሰበታም አገራችን ሆነ።

ልጄ ሰምታኝ ስታበቃ ምክንያቱን አስረዳችኝ። ሳሙናው ከእርዱ ሞለኪውል ላይ አንዲት ቅንጣት ይነጥቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ ሌላ አኳኋን ይይዛሉ፤ ስለዚህ ይቀላል። ሎሚው ቅንጣቷን ይመልሳል። ፀሐይ ደግሞ ራሱን ሞለኪውሉን ትበጥሰዋለች። እሷና አብረዋት የሚያጠኑት ደግሞ ይህንኑ አስቀድመው አስበው፣ የሚፈልጉትን እንዲሆን አድርገው ይሠሩታል።

ሁሉንም አልያዝኩትም። ግን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ያን ጊዜ ለእኛ የሚበቃንን ያህል በጎረቤት አፍ ነገረን፤ የቀረውን ለልጄ አቆየላት።